የሸህ ይማም ዝንጉርጉር በቆሎ

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

ኃላፊዬን ዛሬ ጠላሁት፤ ቃሉን መዝኜ ነው የጻፍኩት።

የወግዲው ገበሬ ሸህ ይማም ከእኛ ከግብርና ቢሮ የወሰዱትን ነጭ ምርጥ ዘር በቆሎ ዘርተው ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት ምርት አገኙ። ኃላፊው «ከአገሬው ዘር ደባልቀዋል» ብሎ ከዘር አባዦች ማኅበር ሊያስወጣቸው ተነሣ። ቢደባለቅ ኖሮ ፍሬው ሙሉ ቀለም ይይዝ ነበር። በተክል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል የዘረ መል ቁራጭ አለ፤ ቀለም ሰጪው ዘረ መል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፣ ለቆ ሲወጣ በነጠብጣብ ይመለሳል። ግምቴ ይህ ነው፤ ለኃላፊውም ነግሬዋለሁ። የሚረጋገጠው ግን ፍሬው ተለይቶ ሲዘራ ብቻ ስለሆነ ሸሁ ያመጡትን የፍሬ ከረጢት ቢሮ አስቀምጬው ነበር።

ዛሬ ሸሁ በተጠሩበት ስብሰባ ላይ ንፍሮ ቀረበ። ነጠብጣቡ ቢፈዝም ለየሁት።

ኃላፊው እፍኝ ዘግኖ ዘረጋልኝ። «እንካ ምሁሩ፣ እስቲ ሆድህ ውስጥ ይዝለል።»

ሰው ሣቀ።

«ይህ ማስረጃ ነበር» አልኩ።

«በቆሎ ነው» አለ እያላመጠ።

ሸሁ እንዲወጡ የተወሰነው ንፍሮው ሳያልቅ ነው።

ደጅ ላይ ቤታቸው የቀረ ፍሬ እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«ወላሂ አንዲትም የለኝ፣ ልጄ። ደበቀ እንዳልባል ጠራርጌ ነው ያመጣሁላችሁ።»

ኃላፊው ጥርሱን እየጎረጎረ በአጠገባችን አለፈ።