ከሠንጠረዡ የጠፋው ብረት

ኅዳር 3 ቀን

ለልጄ፣

«ለዚህ መጽሐፍ መነሻ የሆኑኝ አንድ የቀድሞ መምህር በእጃቸው የጻፏቸው የክፍል ማስታወሻዎች ናቸው። ምሳሌዎቹን ለዛሬ ተማሪ በሚመች መልኩ አስተካክያቸዋለሁ።»

መቅድም፣ ገጽ አራት፣ ሁለተኛው አንቀጽ። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፤ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። እኔ የሰው ጽሑፍ ስወስድ እንዲህ ነው የማደርገው።

ጤንነትሽን ማስቀደም ነበረብኝ። እንደምን ከርመሻል? ሳሉ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ደረጃ ስትወጣ ብቻ ነው የሚያማት። አሁን ወደ ጉዳዩ።

«አንድ» የተባለው ማን ነው? «የቀድሞ» የሆነውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? ዛሬ ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ነው የመጣሁት። የጠመኔው ብናኝ ገና ከኮቴ እጅጌ ላይ አልተራገፈም።

ነገሩን እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ፤ ከአንቺ አይደለምና። ባለፈው ሰኞ ርዕሰ መምህሯ ካርቶን አሸክማ ወደ መምህራን ክፍል ገባች። «የዘንድሮው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ደረሰ። ደራሲዋን እዚህ የሚያውቃት ሰው ሳይኖር አይቀርም» ብላ ወደ እኔ እያየች ሳቀች። ሽፋኑ ላይ ስምሽን ሳይ ቆሜ የነበርኩት ተቀመጥኩ። መቅድሙን እስክገልጥ ድረስ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች ምን ይመስሉ እንደነበር አልነግርሽም።

የፊዚክሱ መምህር በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበና፣ «እንኳን ደስ ያለህ! እኛ ጡረታ ስንለምን አንተ በነጻ የቀድሞ ሆንክ!» አለ። ደግሞ ቀጠለ፤ «ለነገሩ ምን ጎደለብህ? ስምህ ሽፋኑ ላይ ነው፣ ከስሟ ቀጥሎ!» ሁሉም ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። አንቺም ይህንኑ እንዳትዪኝ፣ ከስምሽ ቀጥሎ ያለው ስም የአንቺ ነው። ስትወለጂ ሰጥቼሻለሁ። ለደብተሮቼ ግን አልሰጠሁሽም።

ቤት ስገባ እናትሽ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ፎቶ አንስቼ የላክሁላት እኔ ነኝ» አለች፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ።

«ሰባቱንም ደብተር?»

«ስድስቱን። ሰባተኛው ባዶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።»

«ከጀርባዬ!»

«ፊት ለፊትህ ስንት ጊዜ ተሞከረ? አንተ ሰው፣ ይሄ መጽሐፍ እኮ አብሮህ ሊቀበር ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ጨውና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነው የምንነጋገረው።

ስሙን ለጊዜው እንተወው። ረቡዕ ዕለት ከመጽሐፍሽ ማስተማር ጀመርኩ። ገጽ 31፣ ስለ እፍጋት፦ ያልታወቀ ብረት፣ መጠነ ቁሱ 28.5 ግራም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ከ25 ወደ 28 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል፤ ብረቱ ምንድን ነው? ተማሪዎቹ ለሦስት አካፈሉ፣ 9.5 አገኙ። አንዲት የፊት ወንበር ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይሄ ብረት የእፍጋት ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ከመዳብ ይበልጣል፣ ከብር ያንሳል።» ከኋላ አንዱ፣ «ደራሲዋ ራሷ ያገኘችው ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር ለተማሪ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ለማን ብዬ እንደዋሸሁ ራስሽ ገምቺ።

ስህተቱ የማተሚያ ቤት አይደለም፤ የአንቺ ነው። በደብተሬ የተጻፈው 28.57፣ 25.4 እና 28.6 ነው። ልዩነቱ 3.2፤ ሲካፈል 8.9፤ መዳብ! የመጨረሻዎቹን አሃዞች ምን በላቸው? እናትሽ በስልክ ስታነሳ እርሳሱ አልወጣም። ያየሽው የእስክሪብቶውን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልፈርድበትም፤ ምን ያውቃል? አንቺ ግን እኔ የመጨረሻዋን አሃዝ ሁልጊዜ በእርሳስ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። የታወቀው በእስክሪብቶ፣ የተገመተው በእርሳስ። ባዶውን ቦታ አይተሽ «አባዬ፣ እርሳሱ የት ሄደ?» ብለሽ አንዲት መልእክት መላክ አቃተሽ?

ደግሞ እነዚያ ሦስት አሃዞች የእኔ የእጅ ጽሑፍ አይደሉም። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤተ ሙከራ ይዤሽ ገባሁ። በርጩማ ላይ ቆመሽ፣ ዓይንሽን ከውሃው ወለል ጋር እኩል አድርገሽ፣ «ከሃያ አምስት አልፏል፣ ግማሽ ግን አልደረሰም» አልሽ። «ስንት ብለሽ ትገምቻለሽ?» «አራት።» «ጻፊው።» «ግምት ከሆነ ለምን ይጻፋል?» «ግምት መሆኑን ሳንደብቅ ስለምንጽፈው» አልኩሽ። እርሳሱን ተቀብለሽኝ ጻፍሽ። አራቷ እግሯ ጠማማ ናት፤ አሁንም ደብተሩ ላይ አለች።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለውን የታሸገ ቆርቆሮማ አንድ ቃል አልነካሽበትም። ተማሪው ሳይከፍት እያንከባለለ፣ እየነቀነቀ፣ ድምፁን እየሰማ ውስጡ ያለውን እንዲስል፤ አቶምንም ሰው ያወቀው ክዳኑን ከፍቶ ሳይሆን እንዲሁ እየነካካ መሆኑን እንዲረዳ። «በክፍሌ የምጠቀምበት ዘዴ» ብለሽዋል። በክፍልሽ! ያንን ቆርቆሮ ስበይድ ያተረፍኩት ጠባሳ አውራ ጣቴ ላይ ነው።

ምን እንደምትመልሺ አውቃለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእረፍት መጥተሽ ደብተሮቹን እናሳትም ብለሽ ሦስት ቀን ለመንሽኝ። በሦስተኛው ቀን «ቁጥሩን ሁሉ እንደገና ሳልለካ ስሜ የትም አይታተምም!» ብዬ በሩን ዘጋሁብሽ። ብያለሁ፤ አልክድም። ግን ተቆጥቼ የተናገርኩትን እንደ ፈቃድ ወረቀት አጣጥፈሽ ኪስሽ ትከቺዋለሽ? አውሮፕላን ማረፊያ ያልሸኘሁሽም የፈተና ወረቀት ስለነበረብኝ ነው።

ርዕሰ መምህሯ እንደምትለው ሁለተኛው እትም ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። ገጽ 31 ይታረም። ስድስቱን ደብተሮች ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአደራ ልኬልሻለሁ፤ ፎቶ አትመኚ፣ ከራሳቸው ላይ አንብቢ። «አንድ የቀድሞ መምህር» የሚለው ወጥቶ በምትኩ ማን እንደሆንኩ ይጻፍ፤ ስሜ፣ ሙያዬና ለአንቺ ምንሽ እንደሆንኩ። ይህን አላደርግም ካልሽ ደግሞ ምክንያትሽን ጻፊልኝ።

ሳልሽን ሐኪም ይየው። በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፣ ሥራሽን ይባርክልሽ፣ ከእኔዋ የተሻለ ተማሪ ይስጥሽ።

መልስሽን እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ አይሆንም። ስልክ ላይ «አባዬ» ካልሽኝ የተቆጣሁበትን እረሳለሁ፤ እኔ ደግሞ መርሳት አልፈልግም። በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞበት፣ እስከ ታኅሣሥ 10።

አባትሽ
የኬሚስትሪ መምህር