ጓድ ማንኪያ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥቅምት 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት ላሳደገችኝ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮም ጀመረው ወይስ ማረሽ? ጋሼስ እንዴት ነው? ልጆቹስ ትምህርት ገቡ? እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ጤነኛ ነኝ። ጤነኛ ብቻ አይደለሁም፣ ወፍሬአለሁ። አይ፣ ክፉ አታስቢ! የኬክ ነው።

በደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው «በዚህ ዘመን ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው ጆሮ ጠቢ የሆንሽው?» የሚል ቁጣ ነው። ሁለተኛው፣ የጋሼ የእህት ልጅ ናዝሬት ላይ ይኸው ሥራ ቀርቦላታልና ለትርፍ ጊዜ ሥራ ያዋጣል ወይ የሚል ነው። ሁለቱንም እመልስልሻለሁ። ግን በመካከሉ በእኔ እጅ የአንድ ሰው እንጀራ ሊቆረጥ ደርሶ ነበርና እሱን ሳልነግርሽ መልሱ አይገባሽም። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም፤ የሚያደርስልሽ የታመነ ሰው ነው። ሥራሽን አስቀምጪና ተቀምጠሽ አንብቢው።

እኔ የምታይብበት መሥሪያ ቤት የተወረሱ ኬክ ቤቶችንና ምግብ ቤቶችን እንደሚያስተዳድር ታውቂያለሽ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ምን ተገኘ መሰለሽ? ምስጋና ብቻ! ማኪያቶው ውሃ ውሃ የሚልበት ቤት ሳይቀር ወረቀቱ ሁሉ «አብዮታዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ይላል። ታዲያ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ «ቡናችሁ ቀዝቅዟል» የሚል ሞኝ ከየት ይምጣ? አለቃዬ ጓድ ገነነ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ አስከፍቶ ሦስት ጊዜ ሲመሰገን ጊዜ መላ ዘየደ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ከፍሎና ደረሰኝ ይዞ ወጥቶ፣ ያየውን የሚጽፍ ሰው ይላክ አለ። ስሙንም «ስውር ደንበኛ» አለው። የበላሁበት በደረሰኝ ይተካልኛል፣ በላዩ ላይ ትንሽ አበል አለው። ከታይፒስቶቹ ሁሉ እኔን ለምን እንደመረጠኝ ብጠይቀው «ፊትሽ ቶሎ አይያዝም» አለኝ። እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተኳኩዬ!

ተናደድሁና እሺ አልሁ። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስታዬን አልቻልሁትም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቼ ዳገቱን እያለከለክሁ ፒያሳ ስደርስ እንደ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ዱሮ በመስኮቱ ብቻ እያየሁ የማልፈውን ቤት፣ አሁን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ገብቼ «አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ኬክ» ስል ልቤ ይደልቃል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ በቀሩት ቀናት ግን እኔን ማን ያዘኝ! አስተናጋጁ ሰላም ይላል ወይ፣ ጠረጴዛው ተወልውሏል ወይ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ ወይ፣ ሁሉንም አያለሁ። ማንኪያውን ወደ መብራቱ አነሣና አገላብጬ አየዋለሁ። የስኒውን ቂጥ ሳይቀር ቀና አድርጌ አያለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ማንም ሳያየኝ ነው ብዬ ነው እንግዲህ።

የሚገርምሽ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ አራዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ማኪያቶ ጠፋ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ትኩስ፣ ማንኪያው መስታወት፣ አስተናጋጁ ከወገቡ እጥፍ ብሎ «እንደምን ዋሉ» ይለኛል። እኔም ያየሁትን ምስጋና በምስጋና አድርጌ ጻፍሁ። ጓድ ገነነ ሪፖርቴን አነበበና «አንቺም እንደ ሣጥኑ ሆንሽ እኮ» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አንድ ኬክ ቤት አለ። በሥራው በመጀመሪያው ቀን፣ በመስከረም ዝናብ ተደብድቤ የገባሁት እዚያ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አስተናጋጅ ማኪያቶዬን አመጣልኝ። ስሙን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ወርቅአፈራሁ ይባላል። ወርቅአፈራሁ ተብሎ በወርቅ ቤቶች መሐል ስኒ ሲያመላልስ ይውላል፣ ስም ከተባለ አይቀር! ጠጥቼ ስጨርስ ሒሳብ ብለው «ተከፍሏል» አለኝና ሄደ።

ዞር ብዬ ባይ፣ ደባል የገባሁበት ቤት አባወራ፣ ሰዓት ሠሪው አቶ እሸቴ፣ ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ፒያሳ ላይ እንዲህ ነው፤ የሚያውቅሽ ሰው ካየሽ ሒሳብሽን ሳይነግርሽ ይዘጋዋል። እሳቸው ናቸው ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣኋቸው። እሳቸውም የምን እንደሆነ ሳያውቁ አጸፋውን እጅ ነሡ፤ ሰው ሲያመሰግንሽ «ለምን?» አይባል ነገር። ማታ ቤት ገብቼ ለሚስታቸው ለወይዘሮ አልጋነሽ «ጋሽ እሸቴ ኬክና ማኪያቶ ጋበዙኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። አይ ምላሴ! ወይዘሮ አልጋነሽ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ኬክ ቤት ተወስደው አያውቁም ኖሯል። የዚያን ዕለት እራት አልቀረበም። አቶ እሸቴ በጊዮርጊስ ስም ቢምሉ፣ ቢገዘቱ፣ ማን ሰምቷቸው! እኔም «ታዲያ ማን ከፈለ?» ብል የባሰ እሳት ለኰስሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ሄድሁ፣ «ተከፍሏል»። በሦስተኛው ጊዜ ጥግ ላይ ማንም ሰው የለም፣ እሱ ግን ያው «ተከፍሏል» ብሎኝ ዞረ። ደረሰኝ የለኝም። ጓድ ገነነ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሦስት ጊዜ ተበልቶ ደረሰኝ ከሌለ፣ አስተናጋጁ ያላስመዘገበውን እያወጣ ይሰጣል ማለት ነው፣ ይህ በሕዝብ ንብረት መቀለድ ነው አለ። ሰኞ ጠዋት ወይ ደረሰኙን ወይ የአስተናጋጁን ስም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪ አለኝ።

እትዬ፣ ፈራሁ። ስሙ በወረቀት ሰፍሮ ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኛ ቤት አይጠፋም። የወንድማችንን ነገር አላነሣውም። እጄን እያየሁ፣ በዚህ እጅ ነው ወይ የሰው ስም የምጽፈው እያልሁ ሰነበትሁ። ሥራው ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያንቺ ቁጣ ገባኝ።

ቅዳሜ ቤቱ ገና ሲከፈት ደረስሁ። ገንዘቡን በመዳፌ ይዤ፣ ሳልቀመጥ፣ ወርቅአፈራሁን ዛሬ አስቀድሜ ነው የምከፍለው አልሁት። ኧረ አይሆንም አለ። ይሆናል፣ አይሆንም፣ ስንባባል አንደበቴ አመለጠኝና እኔ እኮ ተልኬ የምመጣ ነኝ፣ ደረሰኝ ካልወሰድሁ አንተ ነህ የምትጠፋው ብዬ ሁሉን ዘረገፍሁለት። ይደነግጣል ስል ሳቀ! ማንነቴን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ፒያሳ በሙሉ ያውቃል አለኝ። ብቻዋን ገብታ፣ ማንኪያ ወደ መብራት አንሥታ የምታይ ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? ከሥላሴ እስከ ምኒልክ አደባባይ ያሉ አስተናጋጆች ስም አውጥተውልኛል። ጓድ ማንኪያ! ጓድ ማንኪያ መጣች ሲባል ማሽኑ ይጋላል፣ ጠረጴዛው ይወለወላል። ፊትሽ አይያዝም የተባልሁት ሴትዮ!

አፈርሁ፤ ካፈርሁ በኋላ ደግሞ ነደድሁ። ታዲያ ማኪያቶውን የምትከፍልልኝ አፌን ልትዘጋ ነው፣ ጉቦ ነው አልሁት። ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ። ገንዘብ ተቀባይዋ ወይዘሮ ለተሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከኋላቸው ምስማር ላይ የተሰኩ ደረሰኞች መዘዙና ፊቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ከፍሏል፣ ሣንቲም አልጎደለም አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ማን መሆንሽን እኔም አላወቅሁ፣ እሱም አላወቀ፤ እኔስ ወይ አግባት ወይ ተዋት ብዬው ነበር አሉ፣ እንዲያው ዓይናቸውን ሳያሹ!

እሱ መሬት መሬት እያየ፣ ያን የዝናቡን ቀን ስኒውን ሳቀርብልሽ ከወንበርሽ ብድግ ብለሽ በሁለት እጅሽ ተቀበልሽኝ አለ። ለእኛ የሚነሣ ሰው የለም፤ እኔም ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ስላጣሁ ሒሳቡን ዘጋሁት አለኝ።

እትዬ፣ እኔ መነሣቴን እንኳ አላስታውስም። ያንቺ ሥራ ነው! ውሃ የሚያቀብልሽን ሰው ተቀምጠሽ በአንድ እጅ አትቀበዪ እያልሽ ስንቴ ቆንጥጠሽኛል? ያ ቁንጥጫ ዛሬ ፒያሳ ላይ ምን እንዳመጣ እይ!

ሰኞ ደረሰኞቹን ይዤ ጓድ ገነነ ፊት ቆምሁ። ገንዘቡ መግባቱን አየና ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ግንባሩን ቋጥሮ ከፋዩ ማን ነው አለኝ። አስተናጋጅ ተቆጣጣሪ ከጋበዘ ጉቦ ነው ሊል ነው። ግን ሌሊቱን አስቤበት ነበርና፣ ጓድ፣ እኔ ስውር ደንበኛ ሆኜ አላውቅም አልሁት። ሰው ሁሉ ያውቀኛል፣ ትኩሱ ማኪያቶ ለእኔ ብቻ ነው፣ ሪፖርቶቼ ሁሉ ከንቱ ናቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ አበሉ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው ይላክ አልሁት። የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ ማንም አያውቀኝም ነበርና፣ ወንድ ለአንዲት ሴት ማኪያቶ እንዳይከፍል የሚከለክለው የትኛው አዋጅ ነው አልሁት።

ጓድ ገነነ ጺሙን እያከከ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። እኔ እዚያች ላይ ቆሜ ያልደገምሁት ጸሎት የለም። ኋላ ደረሰኞቹን መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣ የሰውየውን ስም ሳይጠይቀኝ፣ «ለመሆኑ ማኪያቶው ትኩስ ነበር?» አለኝ። ነበር አልሁት። «በይ ሂጂ ታይፕሽን ምቺ» አለኝ። እየሮጥሁ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ብቻዬን ስስቅ ዘበኛው አበደች ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ መልሱ ይኸውልሽ። ጆሮ ጠቢ አልሆንሁም፤ ያሠሩኝ ጆሮዬን ሳይሆን ምላሴን ነበር፣ እሱንም ተውሁት። ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አበሉ በዳገቱ ያለቀውን የጫማዬን ተረከዝ አስቀይሮ አበቃ። የናዝሬቷ ልጅ ለገንዘብ ብላ ከሆነ ይቅርባት። አንቺ ጋ ያደገች ከሆነችማ በመጀመሪያው ቀን ትታወቃለች። እኔ ግን እንዳዋጣኝ ነው የምቆጥረው።

ልረሳው ነበር። አቶ እሸቴ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አማራቸው። ከኅዳር ጾም በፊት፣ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው እናንተ ዘንድ ብቅ ይላሉ። ካባ ደርበው ቢመጡ አትደንግጪ፤ ቀኑ ይበርዳል። ወይዘሮ አልጋነሽም ስለ ኬኩ ይቅር ብለዋቸው ካባውን ራሳቸው ተኵሰው ነው የሚሸኟቸው። ጋሼ የትም እንዳይሄድ፣ ቤት ይዋል። እንደ ደንቡ ዋጋውን ቶሎ አትቀንሱላቸው። ግን እባክሽ እትዬ፣ ጨርሶ ባዶ እጃቸውንም አትመልሱብኝ።

ከእነሱ ጋር አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ይመጣል። ወግ አይደለም ቢሉት እሺ አላለም፣ ያሳደገችሽን ሴት ከሩቅም ቢሆን ልያት ብሎ ነው። ግባ ብትዪው አይገባም፤ ከአጥሩ ውጪ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰው አትላኪ፤ ራስሽ ሻይ ይዘሽለት ውጪ። ምንም አትጠይቂው፣ ምንም አትንገሪው። ስኒውን ስታቀብዪው ብድግ ይል እንደሆነ፣ በስንት እጁ እንደሚቀበልሽ፣ እሱን ብቻ እዪና ሪፖርትሽን ጻፊልኝ።

የደብረ ብርሃኗ ሥላሴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ታብቃልሽ፣ ጋሼን ዕድሜ ትስጥልኝ። ጉንጭሽን አገላብጬ ስሜአለሁ።

ቆንጥጠሽ ያሳደግሻት
ታናሽ እህትሽ

ሻዩ ትኩስ ይሁን፣ እትዬ። እሱም ሥራው ነውና ያያል።