የመካኒኩ በሺር ሰይድ እጆች

አቶ በሺር ሰይድ ከአባታቸው ከአቶ ሰይድ ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረሂማ አሊ በ1927 ዓ.ም. ደጋን ተወለዱ። ቁርኣን መቅራቱን እዚያው ተማሩ። እርሻው ለወንድሞቻቸው እንኳ ስላልበቃ በ1943 ኮምቦልቻ መጥተው አንድ ጣሊያን ባለጋራዥ ዘንድ መካኒክነት ለመዱ። የሞተር ድምፅ ሰምተው የቱ ጋ እንደታመመ ይናገሩ ነበር፤ ዲፕሎማ ይዘው የመጡትም መጥተው የሚጠይቁት እርሳቸውን ነበር።

በ1952 ወይዘሮ ዘሀራ እንድሪስን አግብተው ደሴ ሆጤ ሰፈር ጎጆ ወጡ። ኡሙሰልማንና ጀማሉዲንን ወለዱ። ጋራዡ በ1967 ሲወረስ ከነመፍቻቸው ለመንግሥት ተላለፉ፤ በየማለዳው ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ አሥራ ሁለት ዓመት ሠሩ።

በጋራዡ የሞተር ዕቃ የሚታጠበው በተከፈተ ግማሽ በርሜል፣ በቤንዚንና በቲነር ነበር። ሠራተኛው ጓንት ቢጠይቅ መርዙን ያጥባል ተብሎ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ታደለው። አቶ በሺር ወተቱንም ለልጆቻቸው ይዘው ይገቡ ነበር። ሌሎቹ እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ የሚታጠቡት ወደ ቤት ሲሄዱ ነው። እርሳቸው ግን ግሪስ ያለበት ቆዳ ላይ የውዱእ ውሃ አይደርስም ብለው ከየሶላቱ ትጥበት በፊት እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በርሜሉ ውስጥ ይነክሩ ነበር። በ1977 የእርዳታ እህል የሚጭኑት መኪኖች ሲጎርፉ ከጋራዡ ሳይወጡ አምስቱንም የሶላት ወቅት እንዲሁ አደረጉ።

ከአራተኛ ክፍል ወጥታ የቀረውን በራሷ የተማረችው ልጃቸው ኡሙሰልማ የቲነሩን ጣሳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት ፈታች። ቆዳ እንዳይነካው፣ ትነቱም እንዳይሳብ ይላል ብላ ነገረቻቸው። «ልጄ፣ ውሃው ካልደረሰ ውዱእ የለኝም» አሏት። እሷም አልተወችም፤ የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ሼህ ኑርሁሴን ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ሼሁ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው፣ ማስለቀቁ ገላ የሚጎዳ ከሆነ የቀረው ጥቁር ይቅር እንደሚባል ነገሯቸው። አቶ በሺር ከዚያ ወዲህ በሳሙናና በአመድ ብቻ ታጠቡ። ግን ዘግይቶ ነበር፤ ድዳቸው መድማት ጀምሯል። ሐኪሙ የአጥንታቸው መቅኔ ደም መሥራት ማቆሙን ተናገረ፤ ሥራቸውን ጠይቆ ሲሰማም ቤንዚኑንና ቲነሩን ካርዱ ላይ ጻፈ።

ከሰባት ወር ሕመም በኋላ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ቀርተዋል። በርሜሉም እስከ ዛሬ አልተከደነም፤ ባልደረቦቻቸው የሆናችሁ ይህን ሰምታችሁ ሂዱ።

ገላቸው ሲታጠብ የሥራ ጓደኛቸው ሸረፈዲን በጥፍራቸው ሥር የቀረውን ጥቁር አይተው፣ ወዳጃቸው ንጹሕ ሆነው እንዲሄዱ ብለው፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አመጡ። ወይዘሮ ዘሀራ በሩ ላይ ቆሙ።

«ተወው ሸረፈዲን። አሁንስ ውሃው ይበቃዋል።»

ሸረፈዲን ጨርቁን ይዘው ወጡ። በአቶ በሺርም ላይ ጥቁሩ በጥፍራቸው ሥር እንዳለ የጀናዛ ሶላት ተሰገደባቸው። አላህ በዚያው እጃቸው ይቀበላቸው፤ ቀብራቸውን ሰፊ፣ አየሩንም ንጹሕ ያድርግላቸው። አሚን።