ወንበር ፈታሹ ተሳፋሪ

ወዳጄ ቲኬት ቆራጩ፣ እንዴት ከርመሃል?

«መሪ ካልያዝክ ሰፈርህም ይጠፋሃል» ስትለኝ አልነበር? ይኸው በሰው ከተማ አንድም ሰው ሳልጠይቅ አውቶብስ እየቀያየርኩ ስዞር እውላለሁ። እዚህ ፌርማታ የሚጠራው ማሽን ነው፤ ያንተን ጉሮሮ ግን ከየት አባቱ ያመጣል! ሾፌሯ ፍሬን በያዘች ቁጥር የእኔም እግር አብሯት ይረግጣል።

ትናንት መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ሄጄ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የተረሳ መነጽር አግኝቼ ለሾፌሯ ሰጠኋት። ሳቅ ብላ «አባባ፣ ስንት ዓመት ነዱ?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ተሳፋሪማ ወደ በሩ ነው የሚሮጠው። ወንበር የሚፈትሸው የእኛ ሰው ነው።»

አየህ፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት አኩርፌ የአውቶብሳችንን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ነው የሄድኩት፤ በእኔ ቦታ የገባውን አዲሱን ሾፌር ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ለአዲሱ ሾፌርም ንገረው፦ ሁለተኛው ማርሽ እምቢ ሲለው አይታገለው፤ ቀስ አድርጎ ያባብለው።

ሾፌርህ