ከሂጃብ በላይ የተደረገ የጆሮ መሸፈኛ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሙሀመድሰዒድ
ሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ከዘንድሮው ብርድ ጋር እንዴት ሆነ? ሾፌሩ ሀይረዲን ያደረሰልዎት ቅባት ጠቀመዎት ወይስ እንደ ፊተኛው መስኮት ላይ ቆሞ ቀረ? እማስ እንዴት ናት? ወገቧን ዛሬም በመቀነት ጠፍራ ነው ውሃ የምትቀዳው? ማሽላውን ወፍ ሳይጨርሰው ሰበሰባችሁት? ላሚቱ ወለደች የሚል ወሬ ደርሶኛል፤ ጥጃዋ ጠናች ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ስል እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን ከታች ያገኙታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መላኬ ይገርምዎት ይሆናል። ስልኩን አንቱ አይሰሙትም። ሰምታ በወረቀት የምትጽፍልዎ ታናሿ እህታችን ኢሽራቅ ናት፤ ይህን ነገር በአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ ማስጻፍ አልፈለግሁም። እባክዎ ብቻዎን ያንብቡት። ጉዳዩ የእህቴ የጀዋሂር ነው። አይደንግጡ፤ በእግሯ ትሄዳለች፣ ሥራም ላይ ናት። ግራ ጆሮዋ ግን ተጎድቷል። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው የእኔ ምርጫ ነው።

እንደሚያውቁት የምሠራው ለፋብሪካዎች ጥበቃ በሚያቀርብ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ዩኒፎርሙን፣ ቦት ጫማውን፣ ባትሪውን፣ ፊሽካውን የማወጣውና የማስገባው እኔ ነኝ። ጀዋሂር ደግሞ በዚሁ ድርጅት ተቀጥራ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን ስትፈትሽ ሁለት ዓመት ሞላት። ሥራው አንገሽግሿታል። «ቀኑን ሙሉ የሰው ብብት ስዳብስ ውዬ፣ ማታ እጄን ብታጠበው የኔ አይመስለኝም» ትለኝ ነበር። ድርጅቱ ዘንድሮ ሴቶችንም መሣሪያ ለሚይዘው ጥበቃ አሠለጥናለሁ ሲል ቀድማ የተመዘገበች እሷ ናት። አንቱም ሰምተው «የመድፈኛ ልጅ ናት፣ አትስትም» ብለው የላኩላትን ቃል ጽፋ ከአልጋዋ በላይ ለጥፋዋለች።

ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት አለቃዬ የጆሮ መከላከያ መርጬ እንድገዛ አዘዘኝ። መርካቶ የሥራ ደኅንነት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንደኛው የጣት ጫፍ የሚያህል ስፖንጅ ነው፤ አሽተው አቅጥነው ጆሮ ውስጥ ሲከቱት መልሶ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ሁለተኛው እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ በራስ ላይ የሚውል፣ ጆሮን ከውጭ የሚከድን ወፍራም መሸፈኛ ነው። ሦስተኛው መሸፈኛ ባትሪ አለው፤ የሰው ንግግር ያሳልፍና ተኩስ ሲመጣ ይዘጋል። ባለሱቁ ለክላሽ ከሆነ ስፖንጁንና መሸፈኛውን አንድ ላይ ማድረግ ነው የሚሻለው ብሎኝ ነበር። ሰማሁት። ግን ለሠልጣኞቹ ሁለተኛውን መሸፈኛ ብቻ ገዛሁ።

ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው፣ መሸፈኛ ከሩቅ ይታያል፤ ማን እንዳደረገ ማን እንዳላደረገ አሠልጣኙ ባንድ እይታ ይለያል። ስፖንጁ ግን ተሸሽጎ ይቀራል። ይህ ምክንያት ዛሬም ልክ ይመስለኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁለተኛው ነው። ከአሥራ አንዱ ሠልጣኝ ሴቶች ሰባቱ ሂጃብ ይለብሳሉ። ስፖንጁን በደንብ ለመክተት ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ መገለጥን ይጠይቃል፤ ተኩስ መስመሩ ላይ ወንዶች አሉ። መሸፈኛው ከሂጃብ በላይ ይደረጋል፤ ማንም አይገለጥም። የእህቴን ክብር ጠበቅሁ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ጨርቁ በመሸፈኛውና በቆዳዋ መካከል ገብቶ ክፍተት እንደሚተው አላሰብኩም። መዝጊያው ላይ ጨርቅ የተያዘበት በር አይገጥምም አይደል? እንደዚያ ነው የሆነው።

የመጀመሪያው ተኩስ ጥቅምት 8 ቀን ቅዳሜ ነበር። ቦታው ከገላን ኮንዶሚኒየም አልፎ ያለ የቀድሞ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ነው። ተኳሾቹ የሚተኙበት መስመር በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ድምፁ ከቆርቆሮውም ከድንጋዩም እየተመለሰ ደጋግሞ ይመታል። አሠልጣኙ አምባው የሚባሉ ጡረታ የወጡ አሥር አለቃ ናቸው። ያንን ባለባትሪ መሸፈኛ የገዛሁት ለእሳቸው ነበር፤ «እኔ በሃያ ዓመት ውትድርና ጆሮዬን የሸፈንሁት ለብርድ ብቻ ነው» ብለው መለሱልኝ። በላይነሽ የምትባለው የጀዋሂር ባልደረባ «ለዚያ ነዋ አሥር አለቃ፣ ሦስቴ ካልተጠሩ የማይዞሩት» አለቻቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ።

ጀዋሂር ከሠላሳ ጥይት ሃያ ስድስቱን ዒላማው ላይ አሳረፈች። ከአጠገቧ የተኛችው በላይነሽ አሥራ አራት አገኘች፤ የቀረው ኮረብታውን ነው የገደለው ብለው አሾፉባት። ጀዋሂር መሸፈኛውን አውልቃ ስትነሳ ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች። ፉጨት ይሰማኛል አለች። በላይነሽ «ማን እያማሽ ይሆን?» አለቻት። አሥር አለቃ ነገ ይለቅሻል አሉ። እኔም ነገ ይለቅሻል አልኋት። አባባ፣ መድፍ ጆሮዎን እንደወሰደው እያወቅሁ፣ በአንቱ ቤት አድጌ ይህን አልኋት።

አልለቀቃትም። እሷም አልነገረችኝም። ስልክ በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ማንሳት ጀመረች፤ አብረን ስንሄድ ዞራ በግራዬ ትመጣለች። ልብ ያልሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። አቃቂ በሰቃ አስፋልቱን ስንሻገር ከግራ የመጣ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ ደረሰባት፤ ዞር እንኳ አላለችም። ክንዷን ይዤ ሳብኋት። ሾፌሩ ደንቆሮ ብሎ ሰድቧት አለፈ። ያኔ አለቀሰች፤ ሁሉንም ነገረችኝ።

በማግስቱ ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድኋት። በትንሽ ክፍል ዘግተው መረመሯትና አንድ መስመር የተሳለበት ወረቀት ሰጡን፤ መስመሩ በግራ በኩል እንደ ገደል ይወርዳል። ሐኪሙ በየትኛው እጇ እንደምትተኩስ ጠየቃት። በቀኝ አለችው። በቀኙ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው አለን። ጆሮዋ ላይ ምን አድርጋ እንደነበርም ጠየቀ። መሸፈኛውን ይዘን ሄደን ስለነበር ከሂጃቧ በላይ አድርጋ አሳየችው። ሐኪሙ ጠጋ ብሎ ጣቱን ከመሸፈኛው ሥር ሰደደው። ጣቱ ያለ ምንም ችግር ገባ። አወጣውና እጁን ታጠበ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥታችሁ ቢሆን መድኃኒት ሊያግዝ ይችል ነበር፤ አሁን ከዚህ ብዙ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም አለን። ጥቂት ኪኒን አዘዘ። ከእንግዲህ ጠመንጃ አጠገብ እንዳትደርሺ፤ የቀረሽ አንድ ጆሮ ነው አላት።

በላይነሽ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ናት፤ መሸፈኛው ቆዳዋ ላይ ገጥሞ ነበር፤ ምንም አልሆነችም። ጎን ለጎን ተኝተው፣ አንድ ዓይነት ዕቃ አድርገው፣ በአንድ ጨርቅ ተለያዩ።

ያን ቀን ማታ ቤታችን መስታወት ፊት ተቀምጠን ሞከርነው። ገዝቼላት የመጣሁትን ስፖንጅ መጀመሪያ ከተተች፤ መሸፈኛውን በላዩ አደረገች፤ ሂጃቡን በሁሉም ላይ ጣል አደረገችው። ገጠመ። ጆሮዋም ፀጉሯም አልታየም። አሥር ደቂቃና አንድ መስታወት ነው የፈጀብን። አሁን ጉድጓዱ ዳር በሸራ የተጋረደ ቦታ አሠርቻለሁ፤ ሴቶቹ ከተኩሱ በፊት እዚያ ገብተው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ያደርጉታል። ለሁሉም ይሠራል። ለአለቃዬም የሆነውን ጽፌ አቀረብሁ። ፋይሉን አስወጥቶ «የጆሮ መከላከያ ተረክቤያለሁ» የሚለውን ወረቀት አሳየኝ። የተረካቢ ፊርማ የጀዋሂር ነው፤ የአስረካቢው የእኔ ነው።

አሁን ለመጻፍ ወደ ተነሳሁበት ነገር ልግባ። የመጨረሻው የተኩስ ፈተና የፊታችን ቅዳሜ ኅዳር 20 ነው። ከተኮሰች ታልፋለች፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም። ካልተኮሰች ወደ ፍተሻው በር ትመለሳለች። እሷ እተኩሳለሁ ብላለች። የሐኪሙን ወረቀት ደብቃዋለች፤ አለቃዬ ደግሞ ያለ ወረቀት አልከለክላትም ይላል። መሸፈኛ አልሰጥሽም ብላት በጥጥ ትተኩሳለች፤ አውቃታለሁ። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ። «አንተ አንዴ መርጠህልኛል፤ ይበቃል» አለችኝ።

በላይነሽ እንኳ «አንቺ ሞኝ፣ ጠመንጃው የትም አይሄድ፤ ጆሮሽ ነው የሚሄደው» ብትላት የመለሰችላት አንቱን ጠርታ ነው። «አባባ በሁለቱም ጆሯቸው ሳይሰሙ አራት ልጅ አሳድገዋል፤ አንድም ቀን ሲያዝኑ አላየሁም። እኔ ገና አንድ አለኝ» አለቻት። ያችን ለእንግዳ ሁሉ የሚነግሯትን ቀልድም ጨመረችላት፤ ከደነቆርሁ ወዲህ ሐሜት ሰምቼ አላውቅም፣ ከዚህ በላይ ሰላም ከየት ይመጣል የምትለዋን። በላይነሽ ሳቀች። እኛም በዚያ ቀልድ ስንስቅ ነው ያደግነው።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጁምዓ ከአጠገብዎ ቆሜ ነበር። ኢማሙ አላሁ አክበር ሲል አንቱ የሚጎነበሱት ከሰው ትንሽ ዘግይተው እንደሆነ አየሁ፤ ዐይንዎ የጎረቤትዎ ጉልበት ላይ ነበር። በሱጁዱ ጊዜ ግን ግንባርዎ መሬት ላይ ስለሆነ የሚያዩት ሰው የለም። ሁሉም ቀና ብሎ ተቀምጦ አንቱ ብቻ ተደፍተው ቀሩ። ከኋላ የነበሩ ልጆች ሳቁ። እኔ ትከሻዎን ነካሁ። ስንወጣ ደክሞኝ ነው አሉኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳ ጥግ መስገድ ጀመሩ። ጀዋሂር ይህን አታውቅም። ጆሮዎ ውስጥ ያለው ጩኸት አንድም ቀን አርፎልዎ እንደማያውቅ እማ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። የኢሽራቅን ድምፅ በደንብ ሰምተውት እንደማያውቁም አውቃለሁ፤ ስትናገር ከንፈሯን የሚያዩበትን አስተያየት አይቻለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ለጀዋሂር እውነቱን ይጻፉላት። ምክር አያስፈልጋትም፤ ምክሩን ከሐኪሙም ከእኔም ጠግባለች። እንዴት እንደሆነ ብቻ ይንገሯት፤ ጩኸቱን፣ መስጊዱን፣ ሰርግ ላይ ለምን ቀድመው እንደሚወጡ። ቀልዱን ለዚህ አንድ ቀን ይተዉላት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የደበቁት ለእኛ ሲሉ ነው። አሁን ግን እሷ የአንቱን ሳቅ አምና ነው ወደ ጉድጓዱ የምትሄደው።

የምለምንዎት እህቴ የምትጠላውን ሥራ እንድትሠራ እንደሆነም አልጠፋኝም። ሌላ የምሰጣት ሥራ የለኝም። ለእኔ የሚገባኝን ቁጣ በሌላ ወረቀት ለብቻው ይጻፉት፤ ከእሷው ጋር አይቀላቅሉት።

ሀይረዲን ነገ ሰኞ በጭነት ይነሳል፤ መንገዱ ካልተዘጋ ማክሰኞ ከእናንተ ዘንድ ይደርሳል፣ ሐሙስ ይመለሳል። ወረቀቱን በእጁ ይስጡት።

እማን እጇን ስሜያለሁ፤ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚነግሯት ለአንቱ ትቻለሁ። ወንድሜን ዑበይድን ከነባለቤቱ ሰላም ይበሉልኝ፤ አጥሩን ብቻውን እንዳያነሳ፣ በረመዳን መጥቼ አግዘዋለሁ። ትንሿን ልጃቸውን ተቅዋን ይሳሙልኝ። ለኢሽራቅ ደብዳቤውን እንዳታነብ ያልሁት ስላላመንኳት እንዳይደለ ይንገሩልኝ፤ ስለ ጥጃዋ እሷ ትጻፍልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ከጀዋሂርም ሰላምታ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን መጻፌን አታውቅም። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነው፤ በግራዋ በኩል ስለሆንሁ ብዕሬ ወረቀቱን ሲጭር አይሰማትም።

ልጅዎ
አቡዘር ሙሀመድሰዒድ

አዲስ አበባ፣ አቃቂ በሰቃ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.