በአድልዎ ስለ ተቀጣችው በቅሎ

ይድረስ ለክቡር አቶ ተክሌ፣
የቆላ መስኖ ጉዳይ መምሪያ ዋና ሹም፣
ሸዋ ሮቢት።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የዘንድሮው የግንቦት ሙቀት ከቢሮዎ ደጃፍ እንዲመለስ፣ የወባዋም ትንኝ ማዕረግዎን አይታ በትሕትና እንድታልፍዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፣ ጉልበቴ ከመድከሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በደህና አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ ተለጥፎ አግኝቶ የሚያነብ እንግዳ እንዳይደናገር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባውን በግልጽ ላስቀምጥ። መምሪያዎ ለመስክ ተቆጣጣሪነት ሁለት ሰዎች ፈትኖ ነበር። አንደኛዋ በመምሪያዎ በታይፒስትነት የምትሠራው፣ እኔም ፊደል ያስቆጠርኋት ወይዘሪት ጣይባ ሷሊሕ ናት። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጡት የእህትዎ ልጅ አቶ ዘውዴ ናቸው። ፈተናው ካበቃ በኋላ ያለፈችው አልተሾመችም፣ የወደቁትም አልተሰናበቱም፤ የተቀጣችው የተፈተኑባት በቅሎ ናት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ምስጋና ብቻ ነው።

በመምሪያዎ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን፣ «እዚህ ቤት ሴትና ወንድ፣ እስላምና ክርስቲያን፣ ቆለኛና ደገኛ እኩል ነው» የሚለውን ቃል ባለፍሁ ቁጥር አነበዋለሁ። ሆኖም ቃል ያለ ምሳሌ ለተማሪ አይገባምና፣ መምሪያዎ በተግባር ያሳየንን ምሳሌ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ፣ ስለ ሴትና ወንድ እኩልነት። የቀድሞው ተቆጣጣሪ ወባ ፈርተው ወደ ደጋ ከሸሹ ወዲህ፣ ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ የገበሬውን የውሃ ተራ የምታስጠብቀው፣ የተናደ ቦይ የምታስጠግነው፣ በውሃ የተጣሉትንም የምታስታርቀው ጣይባ ናት። ከመስክ ስትመለስ ደግሞ ታይፕ ትመታለች፤ እንግዳ ሲመጣም ውሃ ቀድታ ታቀርባለች። የወንድ ሥራና የሴት ማዕረግ በአንድ ሰው ላይ በእኩል መጠን መጫኑን ሳይ፣ እኩልነት ማለት ለካ ይህ ኖሯል ብዬ ተደንቄአለሁ። ቦታው በስሟ እንዲጸናላት በትሕትና ባመለከተች ጊዜም፣ ክቡርነትዎ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲሉ መልሰውላታል። ይህ ከየትኛው የሠራተኛ ደንብ አንቀጽ እንደ ተወሰደ ብፈልገው አጣሁት፤ የእኔ ቅጂ አሮጌ ስለሆነ ይሆናል።

፪ኛ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት። የሠራተኞቹ መጸዳጃ መዝጊያ የለውም። ለሴትም የለውም፣ ለወንድም የለውም። መዝጊያና ቁልፍ ያለው የክቡርነትዎ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ ለእኔ ዕድሜ አይገባም።

፫ኛ፣ ስለ ፈተናው። በዚህኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁና ይታገሡኝ።

በጽሑፍ ፈተናው ጣይባ አንደኛ ወጣች። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት፣ በማስታወቂያው ላይ ያልነበረ አንድ ተጨማሪ ፈተና ተወለደ፤ ተቆጣጣሪ የሚሆን ሰው በመምሪያው በቅሎ ተቀምጦ የሮቢን ወንዝ ተሻግሮ መመለስ አለበት ተባለ። ቀኑም ለዓርብ፣ ልክ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ ተቀጠረ። ጣይባ ሰዓቱ እንዲለወጥላት ብትለምን፣ ክቡርነትዎ ለእኩልነት ካለዎት ፍቅር የተነሣ ቀኑን ጨርሰው ወደ ገበያ ቀን አዛወሩላት። እኛም ሽንኩርት ልንገዛ የወጣን ሁሉ ያለ ጥሪ የፈተናው ታዛቢ የሆንነው በዚሁ ደግነትዎ ነው፤ ምስጋናችን ይድረስዎ።

መጀመሪያ ጣይባ ወጣች። በቅሎዋ ገና ስታያት ጆሮዋን አቁማ ቀረበቻት፤ ወንዙን ተሻግረው ሲመለሱም የቀሚሷ ጫፍ አልረጠበም። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ በመገረም «ይቺ በቅሎ ከየት ታውቃታለች?» ብለው መጠየቅዎ፣ በወንዙ ዳር የቆመውን ሕዝብ ሁሉ እንዳሳቀ ያስታውሳሉ። ሕዝቡ የሳቀው በንቀት አይደለም። ልጅቱ በዚያችው በቅሎ ቆላውን ስትዞር ያላየ ከብት ጠባቂ፣ ያላየ ግመል ነጂ የለም፤ ወሬው ያልደረሰው እንደ ክቡርነትዎ ሐኪም ከጥላ እንዳይወጣ የከለከለው ሰው ብቻ ነበር። የመስክ ሪፖርቱ በየጊዜው ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ፣ በእግሩ የመጣ መስሎዎት ኖሯል።

ቀጥሎ አቶ ዘውዴ ወጡ። እውነቱን ለመናገር መልካም ወጣት ናቸው፤ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ጥፋታቸው አጎት ያላቸው መሆኑ ብቻ ነው። አዲሱን ጫማቸውን እርካብ ውስጥ አስገቡና ልጓሙን በሁለት እጃቸው ያዙ። በቅሎዋ እስከ ወንዙ መሐል እንደ ደንቡ ሄደች። መሐሉ ላይ ቆመች። ጠጣች። ከዚያም ቆላ የሚኖር ፍጡር ሁሉ በግንቦት ሊያደርገው የሚመኘውን አደረገች፤ ውሃው ውስጥ ተኛች።

ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት እትዬ ከበቡሽ፣ «ጋሼ፣ እዚያው ካሉ አይቀር ሳሙና ላቀብልዎ?» አሏቸው። ግመል ነጂው ሙሳም ከማዶ፣ «ወላሂ፣ ይቺ በቅሎ ዘመድ የሚባል ነገር አታውቅም!» ብሎ ጮኸ። አቶ ዘውዴ ራሳቸው ጫማቸውን ይዘው ከውሃው ሲወጡ እየሳቁ፣ «እኔ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት፤ በቅሎ አምጡልኝ ያለ ማነው?» ማለታቸውን ብዙዎች ሰምተዋል። ከመምሪያው ሰዎች ሁሉ በዚያ ቀን ያልሳቁት ክቡርነትዎ ብቻ ነበሩ። «በወንድ ያልቅ» የተባለው ነገር መሐል ወንዝ ላይ ማለቁ ሳያሳዝንዎ አልቀረም።

በማግስቱ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ውሳኔ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወልውዬ አነበብሁት። በቅሎዋ «ለአንደኛዋ ተፈታኝ ግልጽ አድልዎ በማሳየቷ» ፈተናው ተሰርዟል፤ በቅሎዋም ወደ ማጀቴ ጣቢያ ተዛውራለች፤ ፈተናው ሰኔ ሰባት ቀን ከክቡርነትዎ ግቢ በምትመጣ ሌላ በቅሎ ይደገማል፤ ጣይባ እስከዚያ ድረስ መስክ አትወጣም፤ ብትወድቅም የታይፒስትነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ስለ ተሰጠ ከሥራ ትሰናበታለች።

ክቡር ሆይ፣ ይህ መምሪያ ከተቋቋመ ጀምሮ በአድልዎ ተከሶ የተቀጣ ሠራተኛ ሰምተን አናውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ በቅሎ መሆኗ ለእንስሳት ወገን ክብር ነው፤ ሰዎቹም ከእርሷ ይማሩ ይሆናል። እኔ ግን ዘመኔን ሁሉ ሳስተምር ብዙ ተማሪ ወድቆብኛል፤ ተማሪ ወደቀ ብዬ ጠመኔ ያባረርሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የወደቀ ዘመዴ እስኪያልፍ ድረስም ያለፈ ተማሪ ፈተና ሲደገምበት አላየሁም።

እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁም። ጣይባ አባቷ ካረፉ ወዲህ ከእናቷ ጋር የምትኖረው በዚህች ሥራ ነው። የቦዩ ውሃ ከቆመ ደግሞ ማሽላውን የሚያጣው ገበሬ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያኔ በእውነት እኩል ይሆናል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ፈተናዎች ያለፈችው ልጅ ያለፈችበት ቦታ በስሟ ይሰጣት።

ስለ ግድግዳው ጽሑፍ፣ ስለ ገበያው ቀን፣ በቸርነትዎ ስላገኘነውም ሳቅ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ከወንዙ ማዶ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የመምሪያዎ እኩልነት አድናቂና ነዋሪ፣

ገብረሚካኤል ታደሰ፣ ጡረተኛ መምህር
ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ጣይባ ሷሊሕ፣ ባሉበት
ለበቅሎዋ፣ ማጀቴ ጣቢያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምሁ በኋላ፣ ለበቅሎዋ የታሰበው ግልባጭ ማጀቴ መድረስ እንደማያስፈልገው ተረዳሁ። ዛሬ ጠዋት የበጠሰችውን ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታዋን ለቅቃ፣ በጣይባ ደጃፍ ቆማ ተገኝታለች። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል፤ ምናልባት የቀጧት አጎት የሌላት መስሎዎት ከሆነ፣ ፈረስ አጎቷ መሆኑን አገሩ ሁሉ ሊመሰክርላት ዝግጁ ነው። ይህ ዝምድና በመምሪያዎ የሚያስሾም ደረጃ ላይ ይድረስ አይድረስ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና፣ የእርሷንም የጣይባንም ጉዳይ የሚመለከተውን መልስዎን ከሰኔ ሰባት በፊት በቶሎ እንዲጽፉልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።