የሐውልቱን እጅ የጠገኑት ሃምሳ አለቃ ይርሳው ገብረ መድህን

ሃምሳ አለቃ ይርሳው ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ ገብረ መድህን ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ቱፋ በ1917 ዓ.ም. ሲሬ ተወለዱ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ሙያውን ከአባታቸው ተማሩ። በ1938 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ ገቡ፤ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ።

ጦሩ ባረፈበት ተራራ ሥር፣ ጣሪያው በመድፍ የተቀደደ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የጥንት ቻይናውያን ጠራቢዎች ሠርተውታል የሚባል፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ትልቅ የእንጨት ሐውልት አለ። የፊቱ የወርቅ ቅብ ገና አልለቀቀም፤ የልብሱ እጥፋት ከእንጨት የተጠረበ አይመስልም ነበር። መዳፉን ከፍቶ ያነሣው ቀኝ እጁ ግን ከአንጓው ተሰብሯል። ብቻቸውን የቀሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ስብርባሪውን በጨርቅ ቋጥረው ሲያለቅሱ ቢያዩ፣ ይርሳው ማለፍ አልሆነላቸውም። በዕረፍታቸው ሰዓት ከወደቀ ምሰሶ አዲስ እጅ ጠርበው ገጠሙለት።

በ1944 ዓ.ም. ተመልሰው አሰላ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። በዓመቱ ወይዘሮ ብርቄን አገቡ። ስሕተታቸው፣ ስሕተት ከተባለ፣ ይህን ታሪክ በጽዋ ማኅበር መካከል መዳፋቸውን አንሥተው እያሳዩ ማውራታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል የለምና፣ ወሬው “የጣዖት እጅ ጠረበ” ተብሎ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደሰንበት ዘንድ ደረሰ። መምሬም በዚህ ንስሐ እስኪገቡ ከቁርባን ከለከሏቸው።

ይርሳው ግትር እንደነበሩ የማያውቅ ዘመድ የለም። “ጠገንኩ እንጂ አልሰገድኩም” ብለው እምቢ አሉ። ወይዘሮ ብርቄ ቢለምኗቸው፣ “ሰው ደስ ይበለው ብዬ እግዜርን ልዋሽልሽ?” ይሏቸው ነበር። ቢሆንም እሑድ ቀርተው አያውቁም፤ የአሰላ ዝናብ እየወረደባቸው ከደጀ ሰላሙ ሳያልፉ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ይህ ለቤተሰቡ እጅግ ያሳዝን ነበር።

በ1955 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተኙ። መምሬ ወልደሰንበት ቤታቸው ድረስ መጥተው በቤተሰቡ ፊት ዳግመኛ ጠየቋቸው።

“አባ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው፤ ይህን ግን አልጨምርበትም” አሉ ይርሳው። “ሽማግሌ ሰው ቤታቸው ፈርሶ ሲያለቅሱ አገኘሁ። እርስዎ ቢሆኑ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር?”

“አልሄድም ነበር” አሉ መምሬ። “እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ።”

በማግስቱ ቆረቡ። ሚያዝያ 9 ቀን 1955 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ዐረፉ። ከወይዘሮ ብርቄ የወለዷቸው ጥሩሰውና ብርሃነሽ ቀርተውላቸዋል።

ፍትሐቱን ዛሬ የሚመሩት በፈቃዳቸው መምሬ ወልደሰንበት ናቸው። እግዚአብሔር የይርሳውን ነፍስ ደጅ አያቁምብን፤ ወደ ውስጥ ያስገባልን። አሜን።